በአሶሳ ላይ የተሳለችው ቀይ ክብ

«አሶሳ እንዴት ነው አገሩ?» የምትሉኝ ሰዎች በዛችሁ። እስካሁን «ይሞቃል» እያልኩ ሳመልጥ ቆይቻለሁ። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ግን ከሙቀቱ የባሰው የእኔ ግራ መጋባት ነበር። ግራ ገብቶኝ ሄድኩ፣ ግራ ገብቶኝ ከረምኩ፣ የተመለስኩትም ሙሉ በሙሉ ነቅቼ አይደለም። ቢሆንም ብዙዎቻችሁ ያን መንገድ እንደማትሄዱት ስለማውቅ ከመነሻው ላጫውታችሁ።

እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምር የራዲዮ ሞገድ ሰው ነኝ። አንቴና ስጡኝ፣ ማማ ላይ ስቀሉኝ፣ አልፈራም። ፋይበር በሚባለው የመስታወት ክር ውስጥ ስለሚሄደው ብርሃን የማውቀው ግን ተማሪ ፊት እንዳላፍር የሚበቃኝን ያህል ብቻ ነው። የብርሃን ነገር የሚያውቀው ባልደረባዬ ነበር፤ እሱን የወገብ ሕመም አልጋ ላይ ጣለውና ክፍላችን «አንተ ሂድ» አለኝ። ሥራው የአንዲት ልጅ የማስተርስ ጥናት መፈተን ነው። ልጅቱ ሐዋ ትባላለች፤ አሶሳ ካለ አንድ አዲስ ኮሌጅ ረዳት መምህርት ናት። ኮርሱን እኛ ዘንድ ጨርሳ፣ ጥናቷን አገሯ ገብታ ስትጽፍ ወለደች። በእነሱ ልማድ ደግሞ አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ከግቢ አትወጣም። የፈተናው ጊዜ ሊያልፍ ነው፤ ካለፈ ከትምህርቱ ትሰረዛለች፤ ማስተርስ የሌለው ሰው ደግሞ በኮሌጁ አያስተምርም ተብሏል። እንግዲህ እሷ መምጣት ካልቻለች ፈታኙ ይሂድላት ተባለ። የልጅቱ እንጀራ ጥናቱን በቅጡ ባልገባው ሰው እጅ ወደቀ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ሽሮ ሜዳ ካለው ቤቴ ስወጣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ። መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ እየደበደበ «አሶሳ! አሶሳ መጨረሻ!» ይላል። እውነትም የመንገዱ መጨረሻ ድረስ ልሄድ ነው አልኩ በልቤ። ጥቁር ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አስጫንኩና ጥናቱን ብቻ በእጄ ይዤ ገባሁ።

ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ ዘሐራ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሳሉ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ወደ ባምባሲ መጥተው እዚያው ወልደው ከብደዋል። አዲስ አበባ የመጡት ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። ገና ከአዲስ አበባ ሳንወጣ ቆሎ ዘረገፉልኝ፣ አምቦ ላይ ብርቱካን ላጡልኝ። በእኛ ሰፈር እኮ አሥር ዓመት የተጎራበቱ ሰዎች በደረጃ ላይ ሲተላለፉ ስልካቸውን ነው የሚያዩት!

እኔ ደግሞ ጥናቱን ከፍቼ ግንባሬን ቋጥሬያለሁ። እትዬ ዘሐራ ትንሽ ታገሡና አላስቻላቸውም።

«ምንድን ነው እንዲህ ያስጨነቀህ ወንድሜ? የፍርድ ቤት ነገር ነው?»

«ኧረ አይደለም! ስለ ብርሃን ነው። በፌዝ የተጻፈ የብርሃን መልእክት እንዴት እንደሚታደስ።»

«በፌዝ?» አሉና ሳቁ። «ያፌዝበታል ማለት ነው?»

«የፈረንጅ ቃል ነው እትዬ። እርምጃ ማለት ነው በሉት።»

ለእሳቸው ስናገር ለራሴም ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ከሥሩ ጀመርኩ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲራመዱ ያስቡ አልኳቸው። አንዱ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ሌላው መልእክተኛ ነው። ልከኛው ግራ እግሩን ሲያነሳ መልእክተኛውም ግራውን ካነሳ «አዎ» ማለት ነው፤ ቀኙን ካነሳ «አይደለም» ማለት ነው። ብርሃንም ሞገድ ስለሆነ እንደዚያ ይራመዳል። መልእክቱ የሚጻፈው በድምቀቱ ሳይሆን በእርምጃው ነው። መንገዱ ሲረዝም ግን መልእክተኛው ይደክማል። እግሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ትንሽ ይቀድማል፤ እየቆየ ግራ ይሁን ቀኝ የማይለይ ይሆናል።

«ታዲያ ማረፍ ነዋ!» አሉ እትዬ ዘሐራ።

«የድሮው መላ እሱ ነው። መሀል መንገድ ላይ ብርሃኑን ያስቆሙትና ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል፤ ያስተካክሉታል፤ እንደገና ብርሃን አድርገው ይሸኙታል። ይቺ ልጅ የምትለው ግን ሳይቆም፣ ብርሃን እንደሆነ፣ እየሄደ ይስተካከል ነው።»

«ማን ያስተካክለዋል?»

«ሌላ ብርቱ ብርሃን።»

«ያኛውስ በምን ያውቃል?»

ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያነቀኝ ጥያቄ ይኸው ነዋ! ሒሳቡ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ተዘርዝሯል፤ መስመር በመስመር ተከትየዋለሁ፤ ስሕተት የለበትም። ግን እንዴት ብሎ ዓይን የሌለው ብርሃን ሌላውን ብርሃን «እግርህን አስተካክል» እንደሚለው ሆዴ አልቀበል አለኝ።

እትዬ ዘሐራ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን ካርታ አይተው ደስ አላቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲ፣ በባምባሲ አልፎ አሶሳ የሚቆም አንድ መስመር ነው። ብርሃኑን የሚያድሰው መሣሪያ የሚተከልበት ቦታ በቀይ ክብ ተከብቧል። ክቧ ያለችው አሶሳ ላይ ነው። «እሰይ! ለአገራችን ደረሰን» አሉ። እኔም ታምራለች ብዬ ገጹን ዘጋሁ።

ነቀምት አደርን። የያዝኩት ክፍል በሩ የሚዘጋው አልጋውን ገፍቶ በማስደገፍ ነበር። እራት ላይ ሹራቦቼን አንድ በአንድ አወለቅሁ።

ረቡዕ

ከጊምቢ በኋላ አረንጓዴው ዓይን ይሞላል። እኔ ግን መልክዓ ምድር ላወራችሁ አልችልም፤ ምክንያቱም ከመንዲ ትንሽ እንዳለፍን የአውቶቡሱ ራዲያተር እንደ ጀበና መንተክተክ ጀመረ። ሾፌሩ አቆመና «የሚጠጣ ውሃ ያለው!» አለ። ሰው ሁሉ የውሃ ጠርሙሱን አወጣ። እኔ ውሃዬን ለመስጠት ስሳሳ እትዬ ዘሐራ ከእጄ ወስደው ሰጡልኝ። በእኛ ከተማ ይህ ቢሆን የቲኬት ብር ለማስመለስ ጠብ ይነሳ ነበር።

እየቆምን እየሄድን ባምባሲ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። ሾፌሩ «እስከ ጠዋት ንቅንቅ የለም» አለ። ሻንጣዬን አውርዱልኝ ብዬ ስከፍተው የሴት ቀሚስ፣ የሕፃን ጫማ፣ አንድ ጠርሙስ ቅቤ ወጣ። ጥቁር ሻንጣ፣ ጥቁር ሻንጣ ነው እንግዲህ! የእኔን ይዞ የወረደው ሰው መንዲ ይሁን ጊምቢ ማን ያውቃል። የክት ሱፌ፣ ክራባቴ፣ መላጫዬ ሁሉ ሄደ። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ።

«አብሽር ወንድሜ! ሻንጣ አይጠፋም፣ ሰው ነው የሚጠፋው። ና፣ እኛ ቤት ታድራለህ» አሉኝ እትዬ ዘሐራ።

ባለቤታቸው አቶ ይማም ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው የጎላ ገበሬ ናቸው። ከባምባሲ ሰዎች ጋር ኦሮምኛውን፣ ከገበያው ጋር የአገሬውን በርታኛ፣ ከሚስታቸው ጋር የወሎውን አማርኛ እንደ ልብስ ሲቀያይሩት ሳይ ገረመኝ። ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ለማወቅ ሞከርኩና ተውኩት፤ የገባው ሁሉ «ልጄ ነው» ይባላል። የበቆሎ እንጀራ በሽሮ በላን። አልጋቸውን ለቀቁልኝ። እኔ አይሆንም፣ እሳቸው ይሆናል፣ እኔ መሬት እተኛለሁ፣ እሳቸው «አፈር ስሆንልህ!» እየተባባልን በመጨረሻ ተሸነፍኩ። ጠዋት ደግሞ የክት ኮታቸውን አምጥተው «ፈታኝ በሸሚዝ አይሄድም» ብለው አለበሱኝ። እጅጌው ከክርኔ እምብዛም አልራቀም። ላለማስቀየም ለበስኩት።

ሐሙስ

በሚኒባስ አሶሳ ገባሁ። የሐዋ ባል ሙሳ ባጃጅ ይዞ ይጠብቀኛል፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ ዝምተኛ። የጠፋ ሻንጣዬን ታሪክ ስነግረው ለባጃጁ ሾፌር ነገረው፤ የባጃጁ ሾፌር ደግሞ ለሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ እየጮኸ ነገረ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መላው አሶሳ ያለ ሻንጣ የመጣሁ ሰው መሆኔን ያውቅ ነበር።

ከተማው ገና በመሠራት ላይ ነው። ክልሉም እንደ ክልል ገና አዲስ ነው፤ ቢሮው ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ታፔላው ከግንቡ ቀድሞ የተሰቀለበትም አለ። ቢሮ ውስጥ የምታገኙት ሰው ግማሹ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ነው። አጥሩ ቀርከሃ ነው። የእኛ ሰፈር ቆርቆሮ አጥር ከዚህ ጋር ሲተያይ እስር ቤት ይመስላል።

ግቢያቸው ስገባ ሐዋ በር ላይ ወንበር ወጥቶላት ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ነጠላ ተከናንባ ፊቷ ብቻ ይታያል፤ ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

«እንኳን ማርያም...» ብዬ ጀመርኩና ደነገጥኩ፤ የሙስሊም ቤት ነው። «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ብዬ አረምኩ። ሳቀች።

«መምህር፣ አራተኛው ምዕራፍ አስቸገርዎት?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኳት። ሐሰቴን ነው። «ነገ እንነጋገርበታለን።»

«አይዋሹኝ» አለች በቀስታ። «እኔም ስጽፈው ሁለት ወር ግራ ገብቶኝ ነበር።»

ያን ጊዜ አፍ አውጥቼ «አልገባኝም» ብላት ምን ነበረበት? ኩራት ያዘኝ። ያቀረቡልኝን ቀይ የከርከዴ አበባ ሻይ መጠጣት ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ የሐዋ አጎት ኢድሪስ በርታኛ በሚጎትተው አማርኛቸው ጠርተው ወሰዱኝ። ማሽላው ተሰብስቧል፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ አዝመራ ሲገባ ዋዛ ይነፋል። ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተሰካካ የሚሠራ ረጅም ጡሩምባ ነው። አንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። አሥር የሚሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አንድ ድምፅ በየተራቸው ጣል ሲያደርጉ ነው ዜማው የሚገጥመው። መሀል ላይ ኢድሪስ የከብት ቀንድ ትከሻቸው ላይ አጋድመው በዱላ ይመቱታል። ሁሉም የሚሄደው በዚያ ምት ነው።

አንዱ ነፊ ሸርቆሌ ሄዶ ቀርቷል። ኢድሪስ የእሱን ዋዛ ይዘው መጡ።

«አንተ እንግዳ ነው። እንግዳ ይነፋል።»

«ኧረ እኔ አልችልም!»

«ቀላል ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዱላ ሲወርድ አንተ ይነፋል። ዱላ ሲነሳ ያ ሰውዬ ይነፋል። ኸላስ፣ በቃ።»

ያ ሰውዬ ከፊት ለፊቴ የቆመ ቀጭን ሽማግሌ ነው። በአቶ ይማም አጭር ኮት ውስጥ ሆኜ ቅሉን አፌ ላይ አደረግሁ። ሴቶቹ ገና ሳልነፋ ሳቁ።

ነፋሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ድምፆቼ ተንቀራፈፉ። ትንሽ ስዘገይ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ የቀንዱ ምት እየጎተተ ቦታዬ ላይ አስቀመጠኝ። ማንም ምንም አላለኝም። ዜማው አልቆመም። ቶሎ ስል ያቆየኛል፣ ስቆይ ይስበኛል፤ በምቱ ላይ የወደቀው ድምፄ ከፍ ይላል፣ ከምቱ የወጣው ደግሞ በሌሎቹ ተውጦ ይቀራል። ዋዛውን ከአፌ ሳላነሳ ክው አልኩ። አራተኛው ምዕራፍ እኮ ነው! ብርቱው ብርሃን ምንም ማወቅ፣ ምንም ማየት አያስፈልገውም። ይመታል፣ በቃ። ከእሱ ጋር የገጠመው ያድጋል፣ ያልገጠመው ይጫጫል። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ደስታው አሳሳተኝ። ሐሳቤ ሄዶ ብዙ ዘገየሁ፤ ከግማሽ በላይ። ምቱ ሳበኝ፤ አሁን ግን ወደ ራሴ ቦታ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ቦታ ነበር የሳበኝ። ዱላው ሲነሳ እነፋለሁ፤ በኃይል፣ በጥራት፣ ያለ ምንም ማመንታት። እንዲህ ጥሩ ነፍቼ አላውቅም። ሽማግሌው ዋዛውን አውርዶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ተራውን ነጠቅሁት።

ሰው በሳቅ ወደቀ። ኢድሪስ ዱላቸውን አቁመው «ጥሩ ይነፋል! የሌላ ሰው ነው እንጂ ጥሩ ይነፋል!» አሉ።

እኔም ስቄ ነበር፤ ሳቄ ግን መሀል ላይ ቆመ። ያቺ የመንገዱ መጨረሻ ላይ የተሳለችው ቀይ ክብ ትዝ አለችኝ። ኢድሪስ ትከሻዬን ይዘው ሲሸኙኝ ነገሩን አባሱብኝ።

«ሐዋ ጎበዝ ነው ወላሂ። ያ ቀይ ነገር እዚህ አመጣ። ለነቀምት አልሰጠም፣ ለማንም አልሰጠም። አሶሳ!»

ማታ እነሐዋ ቤት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሲቀርብልኝ ካርታውን ገልጬ እያየሁ በላሁ።

ዓርብ

ፈተናው ግቢው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ተደረገ። ጠረጴዛው ከኮሌጁ፣ ወንበሩ ከጎረቤት መጣ። ከእኔ ጋር የሚፈትኑት የኮሌጁ ክፍል ኃላፊ አቶ ምናለ የሚባሉ የጎጃም ሰው ናቸው። ከኋላችን ምንጣፍ ላይ ኢድሪስና ሽማግሌዎቹ፣ በረንዳው ላይ ሴቶቹ። ሕፃኑ በሐዋ እናት እቅፍ ነው። በእኛ ግቢ ፈተና ላይ ከአምስት ሰው በላይ አይገኝም፤ እዚህ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚፈተነው።

ሐዋ ጥሩ ተናገረች። ሁለት ሥዕል አጥሩ ላይ ለጠፈች። ፊተኛው ብርሃኑ ከመታደሱ በፊት ያለው ነው፤ ነጥቦቹ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበትነዋል። ሁለተኛው ከታደሰ በኋላ ነው፤ ሁሉም ነጥብ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ችምችም ብሎ ተከምሯል፤ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «አይደለም»። አቶ ምናለ «ንጹሕ ነው! እጅግ ንጹሕ ነው!» አሉ። ሽማግሌዎቹም አጨበጨቡ።

ተራው የእኔ ሆነ።

«ሐዋ፣ ከእነዚህ ነጥቦች መሀል ያለ ቦታው የተከመረ የለም?»

ወደ ሁለተኛው ሥዕል ዞረች።

«አለ» አለች።

«ከመታደሱ በፊት ያለ ቦታቸው ከነበሩት ይቀንሳል?»

«አይቀንስም።» ድምፅዋ ወረደ። «ከግማሽ በላይ ተዛንፎ የደረሰውን መሣሪያው ወደ ተሳሳተው ነው የሚስበው።»

«መልእክቱ የሚነበበውም እዚሁ አሶሳ ነው። ታዲያ መንገዱ ካለቀ በኋላ ማደሱ ምን ጠቀመ?»

ሥዕሉን ቀና ብላ አየችው። እኔም እሷን ማየት አቃተኝና የኮቴን አጭር እጅጌ እጎትት ጀመር።

«ለምን አሶሳ ላይ አደረግሽው?» አልኳት በለሆሳስ።

«መምህር» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እዚህ አገር ሁሉ ነገር ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። መምህሩ፣ መጽሐፉ፣ መድኃኒቱ፣ እርስዎም። ሁሉም ሲደርስ ወይ ዘግይቷል ወይ ተሰብሯል። አንድ ነገር እንኳ አሶሳ ይሁን ብዬ ነው።»

ምን ልበላት? ግን ሒሳብ ሒሳብ ነው። እንዲህ ሆኖ ላሳልፋት እንደማልችል ተናገርኩ። ሙሳ ራሱን በእጁ ያዘ። አቶ ምናለ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ይህ እኮ ክልሉን ማስቀየም ነው፤ ልጅቱም ሥራዋን ታጣለች» አሉኝ። አውቃለሁ! ማን ሳያውቅ ቀረ! ሻንጣ የለኝ፣ ክራባት የለኝ፣ የሰው ኮት ለብሼ፣ ገንፎውን የበላሁበት ቤት ልጅ ላይ ፈርጄ ተቀምጫለሁ።

ያን ጊዜ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ዓርብ ነው፤ ወንዶቹ ለጁምዓ ተነሱ። «ከሶላት በኋላ እንቀጥል» ተባለ። ሐዋ ኮምፒውተሯን አንስታ፣ ሕፃኑን ከእናቷ ተቀብላ ወደ ቤት ገባች።

እኔና አቶ ምናለ ማንጎው ሥር ቀረን። የማንጎው ጊዜ ስላልነበር አበባው ብቻ ይረግፍብናል። ከውስጥ አንዴ የሕፃኑ ለቅሶ፣ አንዴ የኮምፒውተሩ ፊደል ሲመታ ይሰማል። ሐዋ ጡት እያጠባች ነው የምትሠራው። የሐዋ እናት ምግብ አቀረቡልን፤ ልጃቸውን ልጥላት የተቃረብኩትን እኔን «ብላ፣ አልበላም እኮ፣ ብላ» ይሉኛል። ባይቆጡኝም የተቆጡኝን ያህል ተሰማኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዎቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ሐዋ ወጣች። አዲስ ካርታ በእጇ ይዛለች፤ በእጅ የተሳለ ነው። አጥሩ ላይ ለጠፈችው። ቀይ ክብ ነቀምት ላይ ነው።

ኢድሪስ ተነሱ። «ለነቀምት ሰጠህ? ሐዋ! የእኛ ለምን ሰጠህ?»

«አጎቴ፣ ትናንት መምህር ሲሳሳቱ ዋዛው ካለቀ በኋላ ቀንድ ቢመቱላቸው ይመለሱ ነበር?»

«ካለቀ ምን ይመለሳል! ሲነፋ ነው እንጂ።»

«ብዙ ሳይስቱ?»

«ትንሽ ሲስት። ብዙ ከሳተ የሰው ቦታ ይገባል።» አዩኝና ፈገግ አሉ።

«ስለዚህ ነው ነቀምት ያደረግሁት። እዚያ ሲታደስ ገና ትንሽ ነው የሳተው። ከዚያ እዚህ በደህና ይደርሳል። ስሕተቱ በጣም ቀነሰ፤ መምህር፣ ቁጥሩን ይመልከቱት።»

አየሁት። ልክ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አላጨበጨቡም። አንዱ «እኛማ መቼ ደርሶን ያውቃል» ብለው ምንጣፉን በጣታቸው መቆንጠር ጀመሩ። ልቤ ቅር አለው፤ ሆኖም ማለፊያዋ በእጇ ነበርና አፌን ልከፍት ስል ሐዋ «አልጨረስኩም» አለች።

ወረቀቱ መሀሉ ላይ ታጥፎ ኖሯል። ግማሹን ዘረጋችው። መስመሩ አሶሳ ላይ አልቆመም። ወደ ኩርሙክ ይወርዳል፣ ድንበሩን ይሻገራል፣ የሱዳንን ሜዳ ይዞ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ መሀል፣ ነቀምት ካለችው ሌላ፣ ሁለተኛ ቀይ ክብ አለች። አሶሳ ላይ።

«ወደዚያ ለሚሄደው ብርሃን አሶሳ መሀል መንገድ ናት» አለች። «እዚህ ካልታደሰ እዚያ ተሳስቶ ነው የሚደርሰው። ስሕተቴ መሣሪያውን እዚህ ማድረጌ አልነበረም፤ አሶሳን መጨረሻ ያደረግኳት እኔው ነኝ።»

ኢድሪስ ተነስተው ወረቀቱ ጋ ሄዱና ከአሶሳ ወዲያ ያለውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። «ኩርሙክ» አሉ። «እህቴ እዚያ ነው ያለው።» ጣታቸው ድንበሩን ተሻገረ። «አያቴ ከዚህ መጣ።»

«አልፈሻል» አልኳት። የተማርኩትን ሁሉ ቃል ብፈልግ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። በረንዳው በእልልታ ተናጋ፣ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፣ ሐዋም አብራው አለቀሰች። አራተኛው ምዕራፍ ሳይገባኝ እንደመጣሁና ትናንት ዋዛ ስነፋ እንደገባኝ ያን ጊዜ ነገርኳት። «አውቄብዎት ነበር» አለች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች።

ቅዳሜ

ጠዋት በሩን ያንኳኳው የባጃጅ ሾፌር ሻንጣዬን ተሸክሟል። ከመንዲ በሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ባጃጅ ሲቀባበሉት ነው የደረሰው። ባለቅቤዋ ሴትዮም ሻንጣዋን አግኝታለች አሉኝ። እንዴት እንደሆነ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ ስላልገባኝ ለእናንተም አልነግራችሁም። የአቶ ይማምን ኮት አጣጥፌ ለሙሳ አደራ ሰጠሁ፤ በኪሱ ውስጥ ለእትዬ ዘሐራ «መሣሪያው ለአገራችሁ ደርሷል» የሚል ወረቀት ከተትኩ።

መናኸሪያ ገባሁ። እኔ እስከዚያች ቀን አሶሳ መናኸሪያ ማለት ሰው ወርዶ የሚያልቅበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ሚኒባሶቹ ተደርድረው «ኩርሙክ! ኩርሙክ! ሸርቆሌ አንድ ሰው!» ይጮሃሉ። ሴቶች ዘንቢል ይዘው፣ ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው ይሳፈራሉ። ስመጣም እነዚሁ መኪኖች እዚሁ ቆመው ነበር፤ ዓይኔ ግን አላያቸውም ነበር።

የእኔን አውቶቡስ ፈልጌ ጣሪያው ላይ ሻንጣዬን አሳሰርኩ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መደብደብ ጀመረ።

«አዲስ አበባ!» ይላል። «አዲስ አበባ መጨረሻ!»